በወንድም ፊት የማይጠራ ነገር

ቶአካሴ ከላዩ የተጫነውን ድንጋይ አንስታ የቅጠሉን እስር ከባሕር ስታወጣው፣ ገና ሳትፈታው አወቀችው። ነጭ ሆኖ መውጣት የነበረበት ቅጠል አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል። በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከልጋጉ ሥር ደግሞ ቁንጫ የነከሰው ይመስል ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ሁለተኛውን እስር አወጣች፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ማውጣት አስጠላትና እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆመች።

ከዳርቻው ላይ ሳቅ ተሰማ። የወንድሟ ሚስት ሜሊኖ ባዶ ባልዲ በክንዷ አንጠልጥላ ቁልቁል ታያታለች።

«እንዴት አደሩ እትዬ?» አለች ሜሊኖ። የባሏ እህት ናትና አንቱ ማለቷን አታቋርጥም፤ አንቱታውን ግን እንደ እሾህ ነው የምትሰካው። «እኔ እኮ ልጄን ሊድሩልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በጎደሬ ቅጠል ጠቅልለው እንደ እሑድ ሥጋ ጉድጓድ ውስጥ ሊያበስሉልኝ ኖሯል።»

«ሂጂ አሳማሽን አብዪ» አለቻት ቶአካሴ ቀና ሳትል።

«አብልቼ ነው የመጣሁት። እነሱ የሰጧቸውን ይበላሉ፤ እንደ ሰው አያማርጡም።»

በፋንጋሎቶ ደሴት ነጭ ሰሌን የሚሠራበት ቅጠል ኪኤ ይባላል። ረዥም ነው፤ ጠርዙም ይዋጋል። እሾሁ ተላጭቶ ይቀቀላል፤ እንደ ሽንኩርት ልባጥ የሳሳው የላይኛው ገጽ ይገፈፋል፤ ከዚያ ይታሰርና ባሕር ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት አሥር ቀን ይተኛል። ቀለሙን የሚያወጡለት ጨዋማው ውሃና ከላይ የሚያርፍበት ፀሐይ ናቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ታጥቦ ሲሰጣ እንደ ጥጥ ይነጣል፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ነው ይህ ሁሉ። እያንዳንዷ ሴት ከእናቷ የወረሰችው የራሷ መንከሪያ አላት። የቶአካሴ መንከሪያ በምሥራቅ በኩል ያለው፣ ሁለት ወገኑን ድንጋይ የከበበው፣ ማዕበል የማይደርስበት ኪስ የመሰለ ጥግ ነው። የሰው መንከሪያ ልዋስ ማለት አይታሰብም። «ባል ይዋሳል እንጂ መንከሪያ አይዋስም» ይላሉ ሴቶቹ ሲቀልዱ።

ነገሩ ቀልድ ያልነበረው በመጪው ኅዳር የወንድሟ ልጅ ፊፊታ ስለምታገባ ነው። በፋንጋሎቶ ሙሽራ የምትቀመጥበትን ነጭ ሰሌን የምታነጥፈው የአባቷ እህት እንጂ እናቷ አይደለችም። የአባት እህት ከአባትም ከእናትም በላይ ናት፤ እሷ ሳትቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ሰሌኑን አሥር የሠፈር ሴቶች ተሰብስበው ይታቱታል፤ ቅጠሉን ግን የምታቀርበው ያቺው የአባት እህት ናት። የሴቶቹ አለቃ አሮጊቷ ፋኔ ያንን የተበላሸ እስር በመጋቢት ስታይ ነገሩን አልሸፋፈነችም።

«ልጄ፣ ቅጠልሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ካልነጣ ሰሌኑን የሜሊኖ እህቶች ይሠሩታል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሻጋታ ላይ ቁጭ ብዬ ጣቴን አላቆስልም።»

ቶአካሴ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ያንን ቀን ለሜሊኖ እህቶች ከመስጠት የቀሩትን ጥርሶቿን ነቅላ ብትሰጥ ትመርጣለች።

ልጋጉ ከየት እንደመጣ ትጠረጥር ነበር። ወንድሟ ፊሊሞኔ ከአራት ዓመት በፊት ከመንከሪያዋ በላይ ባለው ዳገት ላይ ስልሳ አሳማ የሚይዝ፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ጋጥ ሠርቷል። በየማለዳው ወለሉን በውሃ ጎማ ያጥባል፤ እጣቢውም በኖራ ድንጋዩ መሐል ወዳለ ስንጥቅ ይገባል። ፊሊሞኔ በዚህ ስንጥቅ ይኮራ ነበር። «አራት ዓመት ሙሉ አጠጣሁት፤ አንድ ቀን ጠገብኩ አላለም» ይላል ለጎረቤት። የጠጣውን የት እንደሚያደርሰው የጠየቀ የለም። ደሴቱ ወንዝ የለውም። ምድሩ እንደ ወንፊት ነው፤ ከላይ የገባ ውሃ በድንጋዩ ሆድ አልፎ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከዳርቻው አሸዋ ሥር እየተንፎለፎለ ይወጣል። ከነዚህ ምንጮች አንዱ ያለው ከቶአካሴ መንከሪያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቶአካሴ ደግሞ ሳታይ የምታምን ሴት አልነበረችም። የዛፍ ልጥ ጨርቅ የሚነከርበት ቀይ ቡናማ ቀለም ቤቷ ነበራት። አንድ ቅዳሜ ፊሊሞኔና ሚስቱ ወደ ከተማ ሲሄዱ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ በጥብጣ ወጣች፤ ስንጥቁ ውስጥ ደፋችው፤ ከጎማውም ውሃ ለቀቀችበት። ከዚያ ዳርቻው ላይ ተቀምጣ ባሕሩ እስኪሸሽ ጠበቀች። ወደ ማምሻው ላይ ምንጩ ሻይ መስሎ መጣ። ቶአካሴ በመዳፏ ቀድታ አየችው፤ እንደ ሕፃን ደስ አላት። ለካ ዳገቱና ባሕሩ አንድ ቤት ናቸው፤ በመሐላቸው ያለው በር ብቻ ነው የማይታየው።

ደስታዋ እስከ ሰኞ ነበር የቆየው። ሜሊኖ ስንጥቁ አፍ ላይ የቀረውን ቀይ ነጠብጣብ አይታ መንደሩን አዳረሰች። «እትዬ አሳማዎቼን ሊመርዙ መጥተው ነበር» አለች። «ለዚያውም በድስት። ሰው ጠላቱን በስኒ ይመርዛል እንጂ በድስት ይመርዛል?»

ቶአካሴ ወንድሟን ራሱን ሄዳ ብታነጋግረው ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባጠረ። ይህ ግን አይሆንም። በፋንጋሎቶ ወንድምና እህት ከልጅነት ሲያልፉ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። እሱ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የወንዶች ጎጆ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ይታጠፋል። ሁለቱ በሚሰሙበት ቦታ ቀልድ አይቀለድም፤ ነውር አይነሳም። ከሆድ የሚወጣ ነገር፣ የሰውም ይሁን የከብት፣ በስሙ አይጠራም። ይህ አንዱ ለሌላው ያለው ክብር ነው። እናም በጋጡ የተነሣው የሁለቱ ጠብ አራት ዓመት ሙሉ በሜሊኖ አፍ ሲመላለስ ኖረ፤ ውሃ ሆኖ ይሄዳል፣ ኮምጣጤ ሆኖ ይመለሳል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሌሲኤሊ የምትባል የባሕር ባለሙያ ከከተማ መጣች። የመጣችው ዛጎል ለመቁጠር ነበር፤ ቶአካሴ ግን ክንዷን ይዛ መንከሪያዋ ድረስ ጎተተቻት። ሌሲኤሊ ልጋጉን በጣቷ አሽታ አሸተተች።

«ይሄ መርዝ አይደለም እትዬ። ጥጋብ ነው።»

«የምን ጥጋብ?»

«ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ምግብ አለው። እርሻ ላይ ቢሆን ማዳበሪያ ትሉት ነበር። ባሕር ውስጥ ግን መጀመሪያ የደረሰ ይበላዋል፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ደግሞ ይሄ ልጋግ ነው።»

«እንዴት አባቴ ላባርረው?»

«አይባረርም። ቀድሞት የሚበላበት አምጡ እንጂ። ሊሙ ትከሉ።»

ሊሙ የባሕር አረም ነው። ቶአካሴ ቀዩን ሊሙ ከልጅነቷ ጀምራ ከኮኮናት ወተት ጋር በልታዋለች፤ ተክላው ግን አታውቅም። ሌሲኤሊ እያሳየቻት ነገረቻት። ሊሙ ሥር የለውም፤ በገላው በሙሉ ነው ውሃውን የሚጠጣው። ገመድ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቢታሰር ያድጋል፤ ሲያድግ ውሃው ውስጥ የነበረውን ምግብ ሥጋው ያደርገዋል። በአምስት ሳምንት ይታጨዳል። ሥጋ የሆነው ምግብ በቅርጫት ተጭኖ ይወጣል።

«በቅርጫት?» አለች ቶአካሴ።

«በቅርጫት። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው፤ ማውጣት። ሳይታጨድ ከበሰበሰ የበላውን ሁሉ መልሶ ይተፋዋል።»

ቶአካሴ ይህን እንደሰማች ወዲያው ብዙ ገመድ አልዘረጋችም። በመጀመሪያ ሁለት ገመድ ብቻ ወሰደች፤ አንዱን ምንጩ አጠገብ፣ ሌላውን ሩቅ፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ግድም አሰረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኗን ማመን አቃታት። የሩቁ ቀጭን ሆኖ እንደ ገለባ ገርጥቷል። የቅርቡ እንደ በሬ ጉበት ጠቁሮ፣ እጅ ሞልቶ ተርፎ ገመዱን አጉብጦታል። ሊሙ የጠገበውንና የተራበውን በመልኩ ይናገራል ማለት ነው። ቀለሙን እያየች ውሃው በዚያ ሳምንት ምን ያህል ምግብ እንደያዘ ማወቅ ጀመረች፤ ለጠቆረ ሳምንት ሁለት ቋጠሮ፣ ለመካከለኛው አንድ፣ ለገረጣው ባዶ እያደረገች ቤቷ በር ላይ በተንጠለጠለ የኪኤ ልጥ ላይ ትቋጥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሠላሳ ገመድ የዘረጋችው፤ በምንጩና በመንከሪያዋ መካከል፣ ምንም ውሃ ገመዱን ሳይነካ እንዳያልፍ አድርጋ። ችካሉን ራሷ ተከለች፤ ገመዱ እንዳይሰምጥ ባዶ ጠርሙስ አሰረችበት። ዳርቻው ላይ የሚሰበሰበው ሰው በዛ።

«ሌላው አረም ይነቅላል፤ እትዬ ቶአካሴ ይተክላሉ» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«ተወው፤ ባል ስለሌላት የምታስረው ነገር አጥታ ነው» አለ ሌላው።

«አንተን እንዳላስርህ ጠርሙስ ጨርሻለሁ» አለችው። «ያለ ጠርሙስ ደግሞ ትሰምጣለህ፤ ጭንቅላትህ ከባድ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ ገመዶች ተቆርጠው አገኘች። በቆንጨራ ነው የተቆረጡት፤ ጫፋቸው እኩል ነው። ማንንም አልጠየቀችም። ቀጠለቻቸው። በአራተኛው ሳምንት አምስት ተቆረጡ። እነሱንም ቀጠለች።

በግንቦት ማብቂያ የመጀመሪያው አጨዳ ሲደርስ አሥራ አራት ቅርጫት ሊሙ ወጣ። ለሙከራ ነክራው የነበረው አንድ እስር ኪኤም አብሮ ወጣ። ነጭ ነው ለማለት አይቻልም፤ የተፈላ ወተት የሚመስል ቢጫነት ነበረው፤ ልጋግ ግን የለበትም። ፋኔ በፀሐይ አገላብጣ አየችውና «እምም» አለች። ከፋኔ አፍ «እምም» ማለት ሽልማት ነው።

ስህተቱ የመጣው በዚያች ቀን ነው። አሥራ አራት ቅርጫት ሊሙ አሸዋ ላይ ተቆልሏል፤ ቶአካሴ ለብቻዋ አንድ ሳህን እንኳ አትጨርሰውም። በፋንጋሎቶ የተረፈ ነገር አይጣልም። የተረፈ ሁሉ የአሳማ ነው፤ የኮኮናት ፍርፋሪውም፣ የዓሣ አንጀቱም፣ የሠርግ ትራፊውም። ትርፉን ያልሰጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ትርፍ አያገኝም ይባላል። ደግሞም እህት ለወንድሟ መናገር ባትችልም መስጠት ትችላለች፤ በሁለቱ መካከል የተፈቀደው ቋንቋ ይኸው ብቻ ነው። ቶአካሴ ልቧ ራራ። አሥራ አራቱንም ቅርጫት ወደ ዳገቱ ተሸክማ በወንድሟ ጋጥ በር ላይ አስቀመጠች።

አሳማዎቹ አበዱለት። ፊሊሞኔ በማግስቱ አንድ ትልቅ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ላከላት፤ ከዓመቱ ቦዬ በቀር በአራት ዓመት የመጀመሪያ ስጦታው ነው። ዓሣውን ያመጣችው ሜሊኖ ነበረች።

«አምላክ ይስጥልን እትዬ» አለች፤ ለአንድ ጊዜ እሾህ የሌለበት አንቱታ ነበር። «ወንድምዎ ነጻ ቀለብ ካለማ ብሎ ሃያ ግልገል ሊጨምር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ሊሙ አሸዋ ላይ አላደረም። ፈጥኖ የደረሰውን ገመድ በየሳምንቱ እየመረጠች ታጭዳለች፤ ቅርጫቱ ሽቅብ ይወጣል። ሊሙውም ከመቼውም ይልቅ ያድግ ጀመር። አምስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው በሦስት ተኩል ደረሰ። ያላገጡ ሰዎች ሳይቀሩ «እጇ ይባረካል» አሉ። ቶአካሴም እንደተሳካላት ቆጠረች፤ ለሰሌኑ የሚሆነውን ቅጠል በሙሉ፣ አርባ ስድስት እስር፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነከረችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን አወጣችው። ከመጋቢቱ የባሰ አረንጓዴ ነበር።

ሜሊኖ ያን ቀን ዳርቻ ላይ አልነበረችም። ቶአካሴ ግን የሚሰድበኝ ሰው በኖረ ብላ ተመኘች፤ ንዴቱ መሄጃ ያገኝ ነበር። ቅጠሉን አሸዋው ላይ ጥላ ቤቷ ገባች፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ቋጠሮ ልጥ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ከታች ጀምራ ቆጠረች። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። ሠላሳው ገመድ ከተዘረጋ በኋላ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ። የመጀመሪያው አጨዳ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትማ ሊሙው ከሚገባው በላይ ስለጠቆረባት ሦስት ሦስት ቋጥራለች። ስትቋጥር ደስ ብሏት ነበር። ጥቁረቱን የገመዱ ጤና አድርጋው ነበር፤ ነገር ግን ራሷ እንደተማረችው ጥቁረት የውሃው ጥጋብ ነው።

ውሃው ከየት ጠገበ? ጋጡ ያው ጋጥ፣ ስንጥቁ ያው ስንጥቅ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቶአካሴ ልጡን አስቀምጣ የገዛ ትከሻዋን አየች፤ የቅርጫቱ ማንገቻ ያቀላው መሥመር ገና አልጠፋም።

ከባሕር የምታወጣውን ምግብ ተሸክማ ዳገት ላይ ታደርሰዋለች። አሳማው ይበላል፤ ከሆዱ ይወጣል። ጎማው ያጥበዋል፤ ስንጥቁ ይውጠዋል፤ ምንጩ ይተፋዋል። ሊሙው እንደገና ይበላዋል፤ እሷ እንደገና ትሸከመዋለች። ዞሮ ዞሮ ከቤት። ለዚያውም በየዙሩ ግልገል እየተጨመረበት። ሌሲኤሊ «ማውጣት» ብላ ነበር፤ ቶአካሴ ከባሕር አወጣች እንጂ ከውሃው መንገድ አላወጣችም።

በማግስቱ ቅርጫቶቹን በግራ በኩል አዙራ፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው የቦዬና የጎደሬ እርሻ ወሰደቻቸው። የዚያኛው ወገን ውሃ የሚወርደው ወደ ክፍት ባሕር ነው። ጋጡ በር ላይ ምንም አላስቀመጠችም።

ይህ ግን የሰጡትን መቀማት ነው። በሳምንቱ ሜሊኖ የቶአካሴ አጥር ላይ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ሰማንያ ሆድ አስለምደው ከለከሉን እትዬ። ለቦዬ ሰጡት አሉ። ቦዬው ነው ወንድምዎ?»

«ቦዬው ቢያንስ መልሶ አይሰድበኝም።»

«ዓሣውን ይመልሱልን እንግዲያ።»

«ሆዴ ውስጥ ነው፤ ነይና አውጪው።»

የመንደሩ ሹም ሳሚሶኒ ጠቡ መንደሩን ለሁለት ሳይከፍለው ሸንጎ ጠራ። ሸንጎ ከተጠራ መቅረት የለም፤ ወንድምና እህት እንኳ በአንድ አዳራሽ ይገባሉ። ፊሊሞኔ በወዲያኛው በር አጠገብ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። ቶአካሴ ከሴቶቹ ወገን በስተኋላ ተቀመጠች። ሜሊኖ ከልካይ አልነበራትም፤ ከመሐል ሆና ተናገረች። ገመዱ ጀልባ ያውካል፤ ስጦታ ሰጥቶ መከልከል ነውር ነው፤ ቅጠሉም እንደሆነ አልነጣም፤ ስለዚህ ገመዱ ይነቀል።

«እትዬ ቶአካሴ ምን ይላሉ?» አለ ሳሚሶኒ።

ቶአካሴ ተነሥታ ሁለት ጭብጥ ሊሙ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ የገረጣ። ከጎናቸው ልጋግ የለበሰ ኪኤ አኖረች። ባለ ቋጠሮውንም ልጥ ዘረጋች።

«ይኼ ሩቅ የበቀለው ነው፤ ተርቧል። ይኼ ምንጩ አጠገብ የበቀለው ነው፤ ጠግቧል።»

«ምን በልቶ ጠገበ?» አለ ሳሚሶኒ።

ቶአካሴ ዓይኗን ወደ በሩ ሰደደች። መልሱን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ወንድሟ ደግሞ በር ላይ ተቀምጧል።

«ከላይ የሚወርደውን» አለች።

«ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው» አለች ሜሊኖ። ሰዎች ሳቁ።

«ከዳገቱ የሚወርደውን።»

«ዳገቱ ላይ እኮ የቄሱም ቤት አለ። ቄሱ ናቸው የወረዱት?» ሳቁ በረታ። ሜሊኖ ዙሪያዋን አየች፤ እንደያዘቻት አውቃለች። «እኛ ያልተማርን ሰዎች ነን እትዬ፤ በስሙ ካልጠሩልን አይገባንም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ለሸንጎ አይቀርብም። አይደለም ወይ ጋሼ ሳሚሶኒ?»

ሳሚሶኒ አንገቱን ደፋ። «በስሙ የማይጠራ ነገር ላይ መፍረድ ያስቸግረኛል» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የቶአካሴ አፍ ግን አላመለጣትም፤ እያወቀች ነው የለቀቀችው።

«አር ነው» አለች። «የወንድሜ አሳማ አር። በየማለዳው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ምንጩ ላይ ይወጣል፣ ሊሙው ይበላዋል። እኔ ሞኟ ሊሙውን አጭጄ ለዚያው አሳማ አበላሁት። አንድ ወር ተኩል ሙሉ አር ነው ዳገት ለዳገት የተሸከምኩት።»

ማንም አልሳቀም። ፋኔ ፊቷን በነጠላ ጨርቋ ሸፈነች። ፊሊሞኔ ተነሣ፤ በደሴቱ ልማድ ለሸንጎ ክብር ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሰሌን አስተካከለ፤ ወደ ኋላ ሳያይ ወጣ። የእግሩ ኮቴ በጠጠሩ ላይ እስኪጠፋ ድረስ አዳራሹ ሁሉ አዳመጠው።

ከዚያ በኋላ የሚከለክላት አልነበረም። ቶአካሴ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ከቀለሙ ድስት ጀምራ ሁሉንም አስረዳች፤ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያስቆጠረች፣ ሊሙውን እጃቸው ላይ እያስያዘች፣ ያልገባውን ሰው ስሙን ጠርታ እየደገመችለት። ቶሎ የገባቸው በገመዱ ያላገጡባት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ አንዱ የትኛው ምንጭ ከየትኛው ዳገት እንደሚመጣ ይጠይቅ ጀመር። ሜሊኖ ብቻ ክንዷን አጣምራ የጠቆረውን ሊሙ ስታይ ቆየች።

ሳሚሶኒ ፈረደ። ገመዱ ይቆይ፤ ጀልባ የሚያልፍበት አንድ በር ይተው። የታጨደው ከተራራው ማዶ ይሂድ። ሃያው ግልገል ይሸጥ። ስለ ስልሳው አሳማና ስለ ስንጥቁ ምንም አላለም፤ ቶአካሴም ይህን ልብ ብላለች። ሊሙ የሚወርደውን ይበላል እንጂ እንዳይወርድ አያደርግም። ጋጡ እስካለ ድረስ ገመዱ ይኖራል፤ ገመዱ እስካለ ድረስ እሷ ትሸከማለች።

በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት አርባ ስድስት አዲስ እስር ወጣ። ታጥቦ አሸዋው ላይ ሲሰጣ ዓይን ይወጋ ነበር። ፋኔ መጥታ በየእስሩ መሐል ተመላለሰች፤ አንዱን ቅጠል አንስታ በጥርሷ ነክሳ አየችው።

«ቅጠልሽ ነጥቷል» አለች። «አፍሽ ነው የቆሸሸው።»

«አፌንም ድንጋይ ጭኜበት አሥር ቀን እነክረዋለሁ።»

«አትቀልጂ። እኔ ሰሌኑን የምሠራው ለቅጠሉ ብዬ ነው።»

አሥሩ ሴቶች መስከረምና ጥቅምትን አብረዋት ታቱ። እንደ ሌላው ጊዜ ሐሜትና ዘፈን አልነበረም፤ ቅጠል አቀብዪኝ፣ ጫፉን ያዢው፣ ይኸው ነው። በጥቅምት አጋማሽ የዓመቱ የመጀመሪያ ቦዬ ተቆፈረ። ወንድም የመጀመሪያውን ቦዬ ለእህቱ ይወስዳል፤ ፊሊሞኔ በየትኛውም ጠብ መሐል ይህን አስቀርቶ አያውቅም ነበር። ቶአካሴ ሦስት ቀን በሯን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ዘጋችው።

በሠርጉ ዕለት ሰሌኑን በትከሻዋ ተሸክማ መጣች። ማንም ሊያስቀራት አይችልም፤ የአባት እህት ናት። ማንም ግን ሊቀበላት ወደ በሩ አልወጣም። እንደ ልማዱ የሙሽራዋ እናት አንዱን ጫፍ ይዛ መዘርጋት አለባትና ሜሊኖ ተነሣች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ሰሌኑን በድንኳኑ መሐል ዘረጉት። ሜሊኖ ቀስ እያለች ነበር የምትዘረጋው፤ ዓይኗ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ አንድ አረንጓዴ ነጥብ፣ አንድ የጠቆረ ጭረት ይፈልጋል። እንግዳው ሁሉ ገብቶት ያያታል። እስከ መጨረሻው ደረሰች።

«ጠባብ ናት» አለች።

«ለልጅቷ ትበቃለች» አለች ቶአካሴ። «ላንቺ ነው የማትበቃው።»

ፊፊታ መጥታ ነጩ ላይ ተቀመጠች፤ ቶአካሴም በስተቀኟ፣ ከሁሉ በላይ በሆነው ቦታ ተቀመጠች። ምግብ ቀረበ። ፊሊሞኔ ከድንኳኑ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ እነሱ ሰጥቶ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጧል። እህት ባለችበት ወንድም እንዲህ ነው የሚቀመጠው፤ አባቶቻቸውም እንዲህ ተቀምጠዋል። ቶአካሴ ጀርባውን ብዙ ጊዜ አየችው። የተቀመጠው ለክብሯ ይሁን በቂሙ ከጀርባው ላይ ማንበብ አልቻለችም፤ መጠየቅ ደግሞ ከእንግዲህ በሜሊኖ አፍ እንኳ የማይሆን ነገር ነው።